ምላስ የተዋዋስንበት ረቡዕ

እኔ ስለ ወይን ጠጅ ብዙ አውቃለሁ። ጠጥቼው ግን አላውቅም።

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ላስረዳ። ጴንጤ ነኝ። እናቴም ጴንጤ ናት፤ አያቴም በስተርጅናቸው ጌታን ተቀብለው ነው ያረፉት። በእኛ ቤት የአልኮል ሽታ የሚታወቀው መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችንን ከሚያሹበት ጥጥ ነው። ታዲያ ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ሥራ ያገኘሁት የት ይመስላችኋል? ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል፣ የራት አስተናጋጅ ሆኜ። የሆቴል ራት ደግሞ ያለ ወይን አይሆንም።

መጀመሪያ ሰሞን ኅሊናዬ ቆረቆረኝና ፓስተራችንን ጠየቅኳቸው። ፓስተራችን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ለጥያቄ ቶሎ አይመልሱም። አሰብ አደረጉና፣ ፖስተኛ የሚያደርሰውን ደብዳቤ ሁሉ ያነባል እንዴ አሉኝ። አያነብም አልኳቸው። በቃ አድርሺ፣ አታንብቢ አሉኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሆቴሉ ታዲያ ስለ ወይን የሚያስተምር አንድ ሰው ቀጥሮልን ነበር። ብርጭቆውን ሲያሸት አፍንጫው ወይኑን ሊነካው ትንሽ ነው የሚቀረው። ሁላችንም ተራ በተራ እንድንቀምስ ሲያደርግ እኔ አልጠጣም አልኩት። እሺ፣ አጉመጥምጪና ትፊው አለኝ። ቢተፋም አፍ ውስጥ መግባቱ አይቀርም አልኩት። ትንሽ አየኝና አንድ ካርድ ሰጠኝ። ካርዱ ላይ የእያንዳንዱ ወይን ጠባይ ተጽፏል፤ ምን እንደሚሸት፣ ምን ምን እንደሚል፣ ከምን ምግብ ጋር እንደሚስማማ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቅስ በቃሌ ስይዝ ያደግኩ ነኝ። ያንን ካርድ በሁለት ቀን በቃሌ ወጣሁት።

ከሁሉም የወደድኩት አንዱን የኦስትሪያ ነጭ ወይን ነው። ግሩነር ቬልትሊነር ይባላል። ስሙን መጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ጠባዩን መያዝ ግን አምስት ደቂቃ። አረንጓዴ ፖም፣ ሎሚ፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ቀዝቅዞ የሚቀርብ፣ ብዙ ሳይቆይ የሚጠጣ። ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ይስማማል፤ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ይስማማል። ኮምጣጤ ካለው ሰላጣ፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከሚያቃጥል ምግብ ሌላው ወይን ሲሸሽ እሱ አይሸሽም። ይሄን ሁሉ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ እናገራለሁ። "ዝናብ የመታው ድንጋይ" ስል የእንግዶቹን ዓይን ብታዩት! ያንን ወይን እንደ እኔ የሚሸጥ በሆቴሉ አልነበረም።

ውሸት ነው? ማታ ማታ ወደ ፓልምስ፣ ወደ ቤቴ ስነዳ ራሴን እጠይቅ ነበር። ቀምሼዋለሁ ብዬ አላውቅም። ቀምሰሽው ታውቂያለሽ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ደግሞስ ሰው ሳይቀምስ የሚያወራው ስንት ነገር አለ? እኔ ራሴ አላገባሁም፤ ግን ጓደኞቼን ስለ ትዳር ስመክር ብትሰሙኝ አርባ ዓመት የኖርኩበት ነው የምመስለው። እየመከርኳቸው ስንቱ ታርቋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እጽናናለሁ።

አሁን እትዬ ጥሩወርቅን ላስተዋውቃችሁ። ፌርፋክስ ላይ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለቻቸው። አሜሪካ ስገባ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራትም ቤታቸው ሶፋ ላይ ነው የተኛሁት። ስለዚህ እትዬ ነይ ካሉኝ እሄዳለሁ። ለምን ብዬ የምጠይቀው ከደረስኩ በኋላ ነው።

እትዬ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ያውም ጥብቅ። ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ነገር በጣታቸው ጫፍ አይነኩም። ምግብ ቤት ደግሞ ረቡዕም ዓርብም ዶሮ ይታዘዛል፣ ጥብስ ይታዘዛል። እንግዲህ አስቡት፣ ያንን ሁሉ ወጥ ሳይቀምሱ ነው የሚሠሩት። ድስቱ ላይ ጎንበስ ይላሉ፣ ያሸታሉ፣ ጨው ይጨምራሉ። ስንት ዓመት ሙሉ በአፍንጫ ብቻ። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ግን ሥራቸው ቀለለ። ረቡዕ ጠዋት ይደውሉና፣ "ማርታዬ፣ ዛሬ ኦፍ ነሽ አይደል? ምላስሽን ይዘሽ ነይ" ይሉኛል። መዳፌ ላይ ወጡን ጠብ ያደርጉልኛል፤ እልሳለሁ። እሳቸው ፊቴን ያያሉ። ጨው አንሷል ስላቸው፣ እናንተ እንኳን ጾም የላችሁም፣ ለዚህ ለዚህ ትጠቅማላችሁ ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ።

አንድ ሰኞ ታዲያ ደወሉ። ሰላምታ የለም። የሕንፃው ባለቤት ሚስተር ሃዋርድ ረቡዕ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሚስታቸው ጋር ራት ሊበሉ ይመጣሉ አሉኝ። ነገሩን አውቀዋለሁ። የምግብ ቤቷ ሊዝ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ሰው ሁሉ ከመብላቱ በፊት ምግቡን በስልኩ ፎቶ ማንሳት የጀመረበት ሰሞን ነው፤ ሰፈሩ ተፈላጊ ሆኗል። አንድ የአትክልት ጭማቂ የሚሸጥ ድርጅት ቦታዋን ፈልጓታል። ሚስተር ሃዋርድ፣ መጀመሪያ መጥተን እንብላ፣ ከዚያ ስለ ሊዙ እንነጋገራለን ብለዋል። ቀጥለው፣ ወይን አላችሁ ወይ ብለው ጠይቀዋል።

እትዬ ቢራና ወይን የመሸጥ ፈቃድ ያገኙት በቅርቡ ነው። ፍሪጃቸው ውስጥ ያለው ቢራና ጠጅ ብቻ ነበር። "ሆቴሉ ውስጥ እንደ እኔ ወይን የሚሸጥ የለም ብለሽኝ አልነበር?" አሉኝ። ብያለሁ። ጉራዬን የነፋሁት እኔው ነኝ። "ሶ፣ ለዶሮ ወጥ የሚሆን ወይን ይዘሽ ነይ። ሰርቭ የምታደርጊውም አንቺ ነሽ።"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ ሁለት ጠርሙስ ግሩነር ገዝቼ፣ ፌርፋክስን ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ በመጨረሻ ፓርኪንግ አግኝቼ አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። እትዬ ከጠዋት ጀምረው ሽንኩርት ሲያቁላሉ ነው የዋሉት። ዓይናቸው ቀልቷል። ጠርሙሱን ተቀብለው ክዳኑን አዩት። ቡሽ የለውም፤ የሚጠመዘዝ የቆርቆሮ ክዳን ነው። "እንደ ለስላሳ?" አሉ ቅር እያላቸው። ደህና ደህናው የኦስትሪያ ወይን ሳይቀር በዚህ ነው የሚታሸገው ብዬ አስረዳሁ። ካርዱ ላይ አለ።

"በይ እንግዲህ ቅመሺና ንገሪኝ፤ ከዶሮው ጋር ይሄዳል?"

አልጠጣም እኮ አልኳቸው። እንደማልጠጣማ ያውቃሉ። ግን ለሥራ ሲሆን ትቀምሳለች ብለው ነው ያሰቡት። ማማሰያውን አስቀመጡት።

"ሳትቀምሺ ነው እንዴ የምትሸጪው?"

"እርስዎስ ሳይቀምሱ አይደል እንዴ ዶሮውን የሚሸጡት?" አልኩ።

ከት ብለው ሳቁ። ቀጥለው ደግሞ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፋና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ማርታ፣ ይቺ ቤት ከሄደች በዚህ ዕድሜዬ የማን ወጥ ቤት ልቀጠር ነው?" አሉኝ። እትዬ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በሉት። ጉራዬ እዚህ ድረስ እንደሚያደርሰኝ አላሰብኩም ነበር፤ አፈርኩ።

ችግራችንን አያችሁት? እኔ ዶሮውን እበላለሁ፣ ወይኑን አልጠጣም። እትዬ ወይኑን ይጠጣሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ጾማቸውን ፈትተዋል፣ ወይን ደግሞ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው። ዶሮውን ግን አይነኩም። ምግብና ወይን ይስማማል የሚባለው ሁለቱ አንድ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ነው። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት አፍ ነበር፤ ሙሉ የሆነ አንድም አልነበረም።

እሺ፣ ምላስ እንዋዋስ አልን። እሳቸው ወይኑን ይቀምሱና ለእኔ ይነግሩኛል፤ እኔ ዶሮውን እቀምስና ለእሳቸው እነግራለሁ።

እትዬ ተጎነጩ። "ይኮመጥጣል። ሎሚ። ደግሞ ምላሴን ቆንጠጥ አደረገኝ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ" አሉ። እውነት እላችኋለሁ፣ ዝላይ ነው የቀረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማያውቁኝ ሰዎች ስምልለት የኖርኩት ካርድ እውነቱን ነበር! ድንጋዩስ አልኳቸው። የምን ድንጋይ አሉ። ዝናብ የመታው አልኩ። አንዴ አዩኝ፤ ደግመው ተጎነጩ። "የምንጭ ውሃ አፍ ውስጥ የሚተወው ነገር አለ አይደል? እሱን ከሆነ አለ።"

ተራው የእኔ ሆነ። ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ ጣፍጧል፣ በርበሬው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ቅቤው አፍን ሸፈን ያደርጋል አልኩ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን ጭንቅላታቸው ውስጥ አገናኟቸው። "አይሆንም። ዶሮው ይውጠዋል" አሉ።

ምን ይሻላል እያልን ስንተያይ፣ ለራሳቸው ራት ያስቀመጡት አዚፋ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያው ድፍን ምስር፣ ቀዝቅዞ፣ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቃሪያ። ስለራባቸው አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ወይኑን አስከተሉ። ዓይናቸው ተበለጠጠ። "ማርታ! ይሄ ወይንሽ የሚፈልገው አዚፋ ነው!" አሉኝ። ካርዱ ላይ ያለውን አስታወስኩ፤ ኮምጣጣው፣ የሚያቃጥለው፣ ቅጠላ ቅጠሉ። ልክ ነው።

ግን ለባለ ሕንፃ ቀዝቃዛ ምስር ይቀርባል? ሊዝ የሚፈርም ሰው ምስር ይበላል? ሁለታችንም በአንድ ድምፅ አይሆንም አልን። ዶሮው ይቀርባል፤ ለአባወራ የምትሰጠዋ ፈረሰኛም ለሚስተር ሃዋርድ ትሰጣለች። አዚፋዋ ዳር ላይ ጠብ ትደረጋለች፣ ለወጉ ያህል። ይሄ ውሳኔያችን ምን ያህል የሞኝ እንደነበረ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። ሚስተር ሃዋርድ ረጅም፣ ተጫዋች ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሚስስ ኢዲት ትንሽዬ፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን ነገር የሚያዩ ሴት ናቸው። ወይን ሲቀዳ የብርጭቆውን ሲሶ ነው ብዬ እትዬን አስተምሬያቸው ነበር። ማን ሰምቶኝ! ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቀው ሁለቱንም ብርጭቆ እስከ አፉ ሞሉት። ለእንግዳ ጎዶሎ ብርጭቆ አልሰጥም አሉኝ በጆሮዬ። እኔም እጄን አጣምሬ፣ ፖሙን ሎሚውን ድንጋዩን ተናገርኩ። እትዬ ፈረሰኛዋን ከነእንቁላሏ ሚስተር ሃዋርድ ፊት አወጡላቸው። ለሚስስ ኢዲት ከተረፈው።

ወጥ ቤት ገብተን በበሩ ክፍተት አየን። ሚስተር ሃዋርድ ዶሮውን ይበላሉ፤ ወይኑን አንስተው ያሸታሉ፣ ሳይጠጡ ያስቀምጡታል። ሚስስ ኢዲት ወይኑን ይጠጣሉ፤ ዶሮውን አይነኩም። አንዱ ይበላል አይጠጣም፣ አንዷ ትጠጣለች አትበላም። አበቃልን አሉ እትዬ። እሳቸው ማርያምን፣ እኔ ኢየሱስን፣ ጎን ለጎን ቆመን ጸለይን።

ከዚያ ጠሩኝ። ሚስተር ሃዋርድ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ አንቺ ራስሽ ይሄን ወይን ከዶሮው ጋር ስትወስጂው ምን ይመስልሻል አሉኝ።

ይኸውላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ በዚያች ቀን፣ በእትዬ ሊዝ ላይ ጠየቁኝ። ካርዱ በቃሌ ነው፤ አፌን ብከፍት ብቻውን ይወጣል። ግን የተጠየቅኩት ስለ ወይኑ አይደለም፣ ስለ እኔ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ የእትዬ ቀይ ዓይን ይታየኛል። ብዋሽ ለእሳቸው ብዬ ነው አልኩ በልቤ። ደግሞ ዋሽቼ ባድናቸው በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?

አልቀመስኩትም አልኩ።

ሁሉንም አወጣሁት። ሃይማኖቴ እንደማይፈቅድልኝ፣ ካርዱን፣ ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ያበሰሉት ሴትዮ ዶሮውን እንዳልቀመሱት፣ እሳቸው ወይኑን እኔ ዶሮውን ቀምሰን እንደተነጋገርን። ሚስተር ሃዋርድ አጥንቱን አስቀመጡ። ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ የቀመሰ ማንም የለም ማለት ነው አሉኝ። የለም፣ እርስዎ የመጀመሪያው ይሆናሉ ብለን ነበር አልኳቸው።

መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ እኮ ልቤን ካመመኝ ወዲህ ሐኪም ወይን ከልክሎኛል፣ አሁን የማሸት ብቻ ነኝ፤ ወይን አላችሁ ወይ ያልኩት ለሚስቴ ነው አሉ። ሚስስ ኢዲትስ ብዬ ዞርኩ። ሚስስ ኢዲት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

አራት ሰው፣ አንድ ዶሮ፣ ሁለት ጠርሙስ፤ የሚያገናኛቸው ጠፋ። ሚስስ ኢዲት በጣታቸው አዚፋዋን እያመለከቱ፣ ይህቺስ ሥጋ አላት ወይ አሉኝ። የላትም አልኩ። ያበሰሉትን ሴትዮ ጥሪያቸው አሉኝ።

እትዬ ሽርጣቸውን እየፈቱ መጡ። ሚስስ ኢዲት ወንበር ሳቡላቸው። እትዬ ለእንግዳ አጠገብ ቆሞ ማስተናገድ እንጂ መቀመጥ አያውቁም፤ ግን ተቀመጡ። ሌላ ብርጭቆ መጣ። እትዬ አዚፋውን በእንጀራ ጠቅልለው ሚስስ ኢዲትን አጎረሷቸው፤ ቀጥለው ራሳቸው ጎረሱ። ሁለቱም ወይኑን አስከተሉ። ተያዩ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ አፍ ያላቸው ሁለቱ አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። አንዷ የሌላዋ እንግሊዝኛ በደንብ አይገባትም፤ ሳህኑ እስኪጸዳ ግን አላቆሙም። እኔና ሚስተር ሃዋርድ ዶሯችንን በውሃ በላን።

ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ እትዬ ድፍረት አገኙ። ወደ ሚስተር ሃዋርድ ዞረው፣ "ኦኬ፣ ሊዙስ?" አሉ። ሚስተር ሃዋርድ አፋቸው ሙሉ ስለነበረ በሹካቸው ሚስታቸውን አመለከቱ።

ሕንፃው የሚስስ ኢዲት ነው። ከአባታቸው የወረሱት። ሚስተር ሃዋርድ አምፖል የሚቀይሩ፣ ቧንቧ የሚያሠሩ፣ ስልክ የሚደውሉ ናቸው። እኛ ሱሪ አይተን ባለቤቱ እሳቸው ናቸው ብለን፣ ያቺን ፈረሰኛ ለማን ሰጠናት!

እትዬ ደነገጡ። ሚስስ ኢዲት ግን ጣታቸውን በናፕኪን ጠርገው፣ አምስት ዓመት አሉ። ጭማቂማ ቤቴም እጨምቃለሁ፣ ይሄን ምስር ግን አላውቅበትም አሉ። እትዬ የሚስስ ኢዲትን እጅ ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሚስተር ሃዋርድ ሌላ እንቁላል አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ፣ እውነት መናገር ይጠቅማል ብዬ መክሬያችሁ እነሣ ነበር። አላለቀም። እትዬ ደስታቸው ብዙ ስለነበረ ለእኔ ሳይነግሩኝ አዲስ ሜኑ አሳተሙ። የሰማሁት አንድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ፣ ፓስተራችን ዛሬ ምሳ ፌርፋክስ እንብላ ብለው ተያይዘን እትዬ ጋ ከገባን በኋላ ነው። ፓስተር መነጽራቸውን አድርገው ሜኑውን አነበቡ። አንዱ መስመር ላይ ቆሙ። ወደ እኔ አዞሩት። አዚፋ፣ ከቀዝቃዛ የኦስትሪያ ነጭ ወይን ጋር ይላል። ከሥሩ በደማቁ፣ "የማርታ ምርጫ"።

"ይህቺ ማርታ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"ፓስተር፣ እኔ ዶሮውን ነው የቀመስኩት" አልኩ።

ሌላ ምን ልበል? ከካርዱ ጀምሬ እስከ ሚስስ ኢዲት ድረስ አስረዳኋቸው። ፓስተር እንደ ልማዳቸው ቶሎ አልመለሱም። አዚፋና ውሃ አዘዙ። አንድ ጎረሱ፣ ሁለት ጎረሱ። ቀጥለው ግራ ቀኛቸውን አዩና ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመሆኑ ያ ወይን ምን ምን ይላል ነው ያልሽኝ አሉ።

ነገርኳቸው። አረንጓዴ ፖም፣ ሎሚ፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ። ፓስተር ዓይናቸውን ጨፍነው አዚፋቸውን ቀስ ብለው አኘኩ፤ ውሃቸውን ተጎነጩ።

"እስቲ ከድንጋዩ ጀምረሽ ድገሚልኝ" አሉኝ።